ጨው የጠጣ መሐረብ

መሐረቡ ከኮቱ ኪስ የወደቀው፣ ፋርማሲስቷ ኮቱን ከመስቀያው አንሥታ ለአናጺው ልታቀብል ስትል ነበር። እሱ በዚያች ደቂቃ ከጓሮው ቧንቧ ሥር እጁን ይታጠባል። መሐረቡን ታውቀዋለች፤ ዳርና ዳሩን በሰማያዊ ክር ዘምዝማ የሰጠችው ራሷ ናት። ጎንበስ ብላ አነሣችውና ደነገጠች። በረዶ ሆኗል፤ ጨምቀው እንዳልጨረሱት ጨርቅም ከብዷል። ምን እንደ ገፋፋት ሳታውቅ ጫፉን ወደ ምላሷ አስጠጋችው።

ጨው ነው። የላብ ጨው አይደለም። ምላስ የሚልጥ፣ ለበረዶ የሚነሰነስ የሻካራ ጨው ውኃ ነው።

ከዚያው ኪስ የአንድ ፖስታ ጥግ ብቅ ብሏል። አድራሻው ቀጭንና ለዓይን በሚያሳሳ የሴት እጅ ጽሕፈት ተጽፏል። ፖስታውን አልነካችውም፤ መሐረቡን ግን እንደ ነበረ አጣጥፋ ወደ ኪሱ መለሰችው። ይህን ስታደርግ የራሷ ጣቶች የሌባ ጣቶች መሰሏት።

"ምነው፣ ቆመሽ ቀረሽ?" አለ አናጺው እጁን እያራገፈ ሲገባ።

"ምንም። ኮትህን ላቀብልህ ብዬ ነው።"

"ዛሬስ እንዴት ነበር? እውነቱን ንገሪኝ።"

ለሦስተኛ እሑድ ያዞረላቸውን አይስክሬም ማለቱ ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት እናቷ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን በዝግታ ወደ ጎን ገፍተውታል። እሷ ግን ፊቷን ሳታጨማድድ ሙሉ ሳህን ጨርሳለች።

"ጥሩ ነበር" አለችው።

ጥቂት አያት። "ጥሩ ከሆነ ጥሩ" ብሎ ኮቱን ደረበና ወጣ። በሩ ሲዘጋ በምላሷ ጫፍ የቀረው ጨው አልሟሟ አላት፤ ወደ ልቧም ወርዶ ስም የሌለው ፍርሃት ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው ከወለል ነው። የሟቹ ዳኛ ቤት የእንግዳ ክፍል ጣውላው በምስጥ ተበልቶ ሲያልቅ፣ አዲስ እንዲያነጥፍ የተጠራው ይኸው አናጺ ነበር። ሃያ ሁለት ቀን በጓሮ በር ገባ፣ በጓሮ በር ወጣ። የዳኛው ልጅ ከመድኃኒት ቤቱ ለምሳ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ጠርዝ ጠርዙን ትራመድ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን አናጺው ቀና ብሎ፣ "እሜቴ፣ ወለል እኮ የሚሠራው ሊረገጥ ነው" አላት።

"አሳዝኖኝ ነው" አለችው።

"ወለሉ ነው ወይስ እኔ?"

የዚያን ዕለት ምሳዋን ሳትበላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ይገምተዋል።

ኮት ለብሶ ሊጠይቃት የመጣ ዕለት እናቷ በፊት ለፊቱ በር ቆመው ሲጠብቁት፣ እሱ ልማድ እየመራው በጓሮ ዞሮ፣ በማድ ቤት በኩል አልፎ ከበስተጀርባቸው ብቅ አለ። "እግሩ እንኳ ቦታውን ያውቃል" አሉ እናት በኋላ ለልጃቸው። የተናገሩት እየሣቁ ነበር፤ ሣቁ ግን ከስድብ ይከፋ ነበር።

ሆኖም እምቢ አላሉም። አንድን አናጺ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለዳኛ ሚስት የሚመጥን ሆኖ አልታያቸውም። ይልቁንም ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ስምንት ዓመት ያልተነካውን የአይስክሬም ማዞሪያ ከዕቃ ቤት አስወጡ። በብረት ቀበቶ የታሠረ የእንጨት ባልዲ ነው፤ በመካከሉ ረጅም የቆርቆሮ ጣሳ ይቆማል፤ በጣሳው ውስጥ የእንጨት መምቻ ይሽከረከራል፤ ከላይ ጥርሳም ብረትና ባለ እንጨት ጨበጣ እጀታ አለው።

"ባለቤቴ እኔን ሊጠይቅ ሲመጣ አባቴ የፈተኑት በዚህ ነው" አሉ። "አራት እሑድ አዞረ። ያዞረ ሰው አይቀምስም። በአራተኛው እሑድ ቤተ ሰቡ ከተቀበለው መምቻውን ከጣሳው አውጥተው በእጁ ይሰጡታል፤ እሱን ይልሳል። ካልተቀበለው እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ክፉ ቃል የለ፣ ኩርፊያ የለ።"

በሟቹ ዘመን ሥራው የተከፈለ ነበር። ዳኛው ያዞራሉ፤ እናት ወተቱን፣ ክሬሙን፣ የእንቁላሉን አስኳልና ስኳሩን በለዘብተኛ እሳት ያበስላሉ። አንዱ የሌላውን አይነካም። ስለዚህ እናት ስለ ድብልቁ የማያውቁት ባይኖርም፣ ስለ ባልዲው የሚያውቁት ቅዝቃዜው እንዲጠነክር በጣሳው ዙሪያ በረዶና ሻካራ ጨው እንደሚደረደር፣ እጀታው አልዞር ሲልም አይስክሬሙ እንደ ደረሰ ብቻ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ያን ያህልም አታውቅም።

በመጀመሪያው እሑድ አናጺው ተንበርክኮ አዞረ፤ እሷ ባልዲው እንዳይሾር ከወዲያኛው ወገን አቅፋ ያዘች። ግንባሮቻቸው በአንድ ስንዝር ርቀት ነበሩ። እሱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ትንፋሹ ፀጉሯን ይነካዋል፤ እናት በተቀመጡበት ክፍል ከዚህ የበለጠ ሊባባሉ አይችሉም ነበር፤ ከዚህ የበለጠም አላስፈለጋቸውም። በረዶው እየቀለጠ ሲሄድ በእሱ ጉልበት በኩል ካለች አንዲት ትንሽ የባልዲ ቀዳዳ የጨው ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። ሳፋው ሞላና በአዲሱ ጣውላ ላይ ፈሰሰ።

"ወለሉ!" አሉ እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ። "በእጅህ የሠራኸውን መልሰህ ጨው ታስበላዋለህ? የሰው ቤት ስለ ሆነ ነው?"

አናጺው አንገቱን ደፍቶ በመሐረቡ ጠረገ። አይስክሬሙ ግን የተዋጣለት ነበር፤ እናት ሳይወዱ በግዳቸው ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ሁለተኛው እሑድ ጨው ጨው አለ። ሦስተኛው ባሰ።

"ድብልቁን ሳይገባ ቀምሼዋለሁ" አሉ እናት ሰኞ ማለዳ፣ ልጃቸው ለሥራ ስትነሣ። "ጣሳው ውስጥ ሲገባ ማር፣ ሲወጣ ባሕር። ጨው እግር የለውም ልጄ፤ የሚያስገባው እጅ ነው።"

"ምን ብሎ ያስገባል? የሚፈተነው እሱ!"

"ተይ እንጂ። ወንድ ልጅ እምቢ ማለት ሲያፍር፣ እምቢ እንዲሉት ያደርጋል። ቃል ሰጥቶሻል፤ ቃሉን ማጠፍ ያሳፍረዋል። እኛ ብንመልሰው ግን 'ትልልቆቹ ናቁኝ' ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ጥፋቱ የኛ፣ ነፃነቱ የሱ።"

"እማዬ፣ አንቺ ድሮስ መቼ ወደድሽው?"

"አልወደድኩትም" አሉ እናት። "ስላልወደድኩት ግን አልዋሽበትም። አንቺም ቀምሰሽዋል።"

ፋርማሲስቷ በሙያዋ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ምልክት ብቻውን ሲመጣ መናቅ፣ ከሌላ ምልክት ጋር ሲመጣ ግን መፍራት ነው። የመጀመሪያው እሑድ ጣፋጭ ነበር። ከዚያ ጨው መጣ። ከዚያ መሐረብና በሴት እጅ የተጻፈ ደብዳቤ። የዚያን ቀን በመድኃኒት ቤቱ ሚዛን ፊት ቆማ አንዱን ዱቄት ሦስት ጊዜ መዘነችው፤ ሦስቴም የተለያየ መሰላት። በምሳ ሰዓት ወረቀት አወጣችና ከላይ ቀኑን አስፍራ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ "እሑድ አትምጣ። መሄድ ከፈለግህ የፊት ለፊቱም የጓሮውም በር ክፍት ነው። እኔን በጨው ማባረር አያስፈልግህም።" አጥፋ በቦርሳዋ አኖረችው። ለመላክ ድፍረት አነሳት፤ ለመቅደድም እምነት።

ሮብ ከሰዓት በኋላ አናጺው ራሱ መድኃኒት ቤቱ ደረሰ። የሳል ሽሮፕ የሚገዙ አንዲት አሮጊት እስኪወጡ ድረስ የጥርስ ሳሙና የሚመርጥ መስሎ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ባንኮኒው ተጠጋ።

"ጨው የሚያነሣ ነገር አላችሁ?"

"ጨው? ከምን ላይ?"

"ከ... ከዕቃ ላይ። ነጭ ሆኖ የቀረ ጨው።"

"ከጨርቅ ላይ?" አለችው፤ ዓይኗ ሳታዘው ወደ ኪሱ ሄደ።

"ከጨርቅ ላይማ ውኃ ይበቃዋል!" ብሎ ሣቀ። ብቻውን ሣቀ።

"ሰሞኑን ጨው በእጅህ በዝቷል ማለት ነው።"

"በረዶ ለሚያዞር ሰው ምን ይብዛለት ታዲያ?"

የሎሚ አሲድ ዱቄት መዝና ጠቀለለችለት። በሞቀ ውኃ እንዲያሟሟው፣ ከአንድ ማንኪያ እንዳያስበልጥ ለማንም ደንበኛ በምትናገርበት ድምፅ ነገረችው። ከዚያ ጥቅሉን ሳትለቅ ጠየቀችው።

"ደብዳቤ ይመጣልሃል መሰለኝ።"

እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሸሸ። "ማን ነገረሽ?"

"ፖስተኛው ደንበኛችን ነው።" ይህ ሁለተኛው ውሸቷ ነበር፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለል ብሎ ወጣላት።

"ከድሮ ሰው ነው" አለ ዓይኑን ሰብሮ። "አሁን ብነግርሽ አፍራለሁ። እሑድ ይለፍና እነግርሻለሁ።"

"እሑድ ይለፍና።"

"ምነው፣ ድምፅሽ ራቀብኝ? እውነት ያዞርኩት ጥሩ ነበር?"

"አልኩህ እኮ።"

እሱ ከወጣ በኋላ በባንኮኒው መስታወት ላይ የጣቶቹ አሻራ ቀርቶ ነበር። በጨርቅ ልትጠርገው እጇን ዘረጋች፤ አልጨከነችም። የምትጠረጥረውን ሰው አሻራ መጥረግ ያልቻለች ሴት ምን ዓይነት ሴት እንደ ሆነች ራሷን ጠየቀች፤ መልሱ ከጥርጣሬው ይልቅ አስፈራት።

በአራተኛው እሑድ አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ፍርዱን ሊሰሙ መጡ። ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሹም ናቸው፤ እናት ጉዳዩን አስቀድመው በጆሯቸው አድርሰውላቸዋል። ከሶፋው መሐል ተደላድለው ተቀመጡና አናጺውን ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ቃኙት።

"ሠላሳ ዓመት የመንገደኛ ሻንጣ ፈትሻለሁ" አሉ። "ዓይን ዓይኔን ያየኝ ሰው ሻንጣው ንጹሕ ነው። ጣራ ጣራውን ያየ ግን፣ ዕቃው ከታችኛው ጨርቅ ሥር ነው። አንተ ልጅ፣ የምታስመዘግበው ዕቃ ይዘሃል?"

"ከመጋዝና ከመዶሻ ሌላ የለኝም ጋሼ።"

"እሱንማ በጓሮ አስገብተኸዋል አሉ!"

አጎት በቀልዳቸው ብቻቸውን ሣቁ። አናጺው ኮቱን ሳያወልቅ ተንበረከከ። በረዶውን በጆንያ ሸፍኖ በመዶሻ አደቀቀው፤ አንድ ዙር በረዶ፣ አንድ እፍኝ ጨው፣ እንደገና በረዶ እያለ በጣሳው ዙሪያ ጠቀጠቀው። እናት የበሰለውንና የቀዘቀዘውን ድብልቅ በጣሳው ውስጥ ገለበጡ፤ ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙ፤ ሁሉም እንዲያይ ጠበቅ አደረጉት። ከዚያ እጀታው መዞር ጀመረ።

ፋርማሲስቷ ባልዲውን አቀፈች። ግንባሮቻቸው እንደ ሌላው ጊዜ ተቀራረቡ፤ እሱም እንደ ሌላው ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን ፈለገ። አላገኘውም። ዓይኗ እጆቹ ላይ ነበር። ቀኙ ያዞራል። ግራው በጉልበቱ ላይ አርፏል። በረዶው በባልዲው ውስጥ ይንኮሻኮሻል፤ ጥርሳሙ ብረት ያለማቋረጥ ይፈጫል። ግራ እጁ ከጉልበቱ ተነሣ፤ ወደ ኮቱ ኪስ ገባ፤ ወጣ፤ ከባልዲው ጎን ተሰወረ። በጣቶቹ መካከል ሰማያዊ ክር አየች።

ወዲያው አልተንቀሳቀሰችም። አሁንም ትጠብቅ ነበር፤ ምናልባት ጠርጎበት ይመልሰዋል ብላ ለእሱ ትለምንለት ነበር። እጁ ባዶውን ተመለሰ። እጀታው መክበድ ሲጀምር ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻለችም፤ ባልዲውን ለቀቀችና ተሻግራ የእጁን አንጓ ያዘችው።

"ምን አድርገህ ነው?"

"አታስቁሚኝ፣ መምቻው ይያዛል..."

"ምን አድርገህ ነው አልኩህ!"

በባልዲው ጎን የተወተፈውን መሐረብ ይዛ ሳበችው። ከመሐረቡ ኋላ የጨው ውኃው እንደ ተለቀቀ ቧንቧ ወጣ፤ ሳፋውን ዘሎ፣ የአናጺውን ጉልበት አጥቦ በጣውላው ላይ ተዘረጋ።

"ያዝነው!" አሉ አጎት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

አናጺው እሷንም አጎቷንም አላየም። ኮቱን፣ ያለውን አንድ ኮት፣ በቅጽበት አውልቆ ወለሉ ላይ ወረወረው። በሁለት እጁ እየገፋ፣ በጉልበቱ እየተንፏቀቀ፣ ውኃው በጣውላዎቹ መጋጠሚያ እንዳይሰርግ መስመር በመስመር አሳደደው። ሌባ ሲያዝ እንዲህ አያደርግም። ይህን አጎት ቀድመው የተረዱ መሰሉ፤ ድምፃቸው ወረደ።

"ተነሥ ልጄ፤ ኮትህን አታጥፋው። መሐረቡ ምን እንደሚሠራ አስረዳን።"

"ቀዳዳ ይደፍናል" አለ ሳይነሣ።

"የምን ቀዳዳ?"

"የባልዲውን ነዋ። ያፈሳል እኮ! እትዬ በመጀመሪያው እሑድ ወለሉን አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወለሉ የሳቸው ነው፣ ሥራው የኔ። እያዞርኩ እደፍነዋለሁ፤ ስጨርስ ነቅዬ ቀስ አድርጌ ሳፋው ላይ አወርደዋለሁ።"

"አናጺ ሆነህ ቀዳዳ በመሐረብ?"

"በእንጨት ሽብልቅ ብደፍነው አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ጋሼ። ግን የሟቹ ዕቃ ነው። ያለ ፈቃድ አልነካውም።"

"ደብዳቤውስ?" አለች ፋርማሲስቷ። የገዛ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

አናጺው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። "ኪሴን ፈትሸሻል?"

አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ፍተሻ በኔ የቀረ መስሎኝ ነበር" አሉ፤ ማንም አልሣቀም።

ከረጠበው ኮት ኪስ ፖስታውን አውጥቶ ሰጠ፤ የሰጠው ግን ለአጎት ነበር። "እርስዎ ያንብቡት። ድምፅዎን ከፍ አድርገው።"

አጎት መነጽራቸውን አወጡ። "'ለተማሪዬ። ዓይኔ ስለ ደከመ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ስለ ነጩ የጨው መስመር ለጠየቅኸኝ፤ የሎሚ አሲድ በሞቀ ውኃ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትለህ። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ከእንጨት ባልዲ ውኃ ከፈሰሰ ባልዲው ታሟል፤ በሽተኛውን ትቶ ደጃፉን ማጠብ ምን ይረባል? ቀዳዳውን ድፈነው። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬህ ይህን ትጠይቀኛለህ ብዬ አላሰብኩም። የምትወዳትን ልጅ ሰላም በልልኝ።'" አጎት ወረቀቱን አዘነበሉት። "ከታች ደግሞ፣ 'ይህን የምጨምረው እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። አባባ ስለ አይስክሬም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ምክራቸውን ቆጥበህ ስማ።'"

የተነሡት እናት ነበሩ። ወደ ባልዲው ቀርበው በጎኑ ያለችውን ቀዳዳ፣ የማያውቁት ሰው በስማቸው እንደ ጠራቸው ሁሉ፣ ትኩር ብለው ተመለከቷት።

"ክብሪት" አሉ።

"ምን አልሽ እማዬ?"

"አባትሽ ሲያዞር ጆሮው ላይ የክብሪት እንጨት ይሰካ ነበር። በየደቂቃው ያቺን ቀዳዳ ይጎረጉራል። ምን ትነካካታለህ ስለው፣ 'ካልተነፈሰች ትሰምጣለች' ይለኛል። ቀልዱ ይመስለኝ ነበር።" እጃቸውን በጣሳው ክዳን ላይ አሳረፉ። ክዳኑ ርጥብ ነው፤ የውኃው ምልክት ከክዳኑ ጠርዝ በላይ ነጭ መስመር ሠርቷል። "ማውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ሞልቶ በክዳኑ ሥር ይገባል። ጨውን ያስገባው..." እጃቸውን ከክዳኑ አነሡ። "ወለሉን ያልኩት እኔ ነኝ።"

ፋርማሲስቷ እፎይታ ይመጣል ብላ ጠበቀች። የመጣው የአናጺው ጥያቄ ነበር።

"ሁለቱም እሑድ ጨው ነበረው?"

"ነበረው።"

"ጥሩ ነበር አልሽኝ። እኔ አልቀምስም፤ የኔ ምላስ አንቺ ነበርሽ።" ድምፁን አላነሣም፤ ቢያነሣው ይቀላት ነበር። "አንዲት ቃል ብትነግሪኝ በዚያው ሳምንት ባልዲውን ፈትቼ አየው ነበር። የጠረጠርሽኝ አይደለም የከፋኝ። ሰው ይጠረጠራል። ግን እየጠረጠርሽኝ ፊቴ ላይ ፈገግ አልሽ፤ ሳህኑንም ጨረስሽው።"

ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈውን ወረቀት ሰጠችው። ማንም አላዘዛትም። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት የተደበቀች ነገር በእሷ ዘንድ ብትቀር መተንፈስ እንደማትችል ተሰማት። ቆሞ አነበበው።

"የሰኞ ነው።"

"አዎ።"

"ሮብ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ይህ በቦርሳሽ ውስጥ ነበር?"

"አዎ።"

"ፖስተኛውስ?"

"ውሸቴን ነው።"

ወረቀቱን አጥፎ በሸሚዙ ኪስ ከተተው፤ የረጠበውን ኮት ከወለሉ አነሣና ሄደ። ወደ ጓሮ አልነበረም። በዚህ ቤት እግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፊት ለፊቱን በር ሲመርጥ አየች፤ በሙሉ ክብሩ ሊሄድ መሆኑን ተረዳች።

"አንተ!" አሉ እናት። "ይሄን ማን ይጨርሰው?"

እጁ የበሩን መክፈቻ እንደ ያዘ ቆመ።

"ሥራ በእንጥልጥል ትቶ የሚሄድ አናጺ ቤቴን አልሠራም" አሉ። "ጨርስና ሂድ።"

ተመለሰ። ምናልባት ለሥራው ሲል ብቻ ነው የተመለሰው፤ ፊቱ ሌላ ነገር አልተናገረም። ኮቱን ወንበር ላይ ጥሎ እጀታውን ጨበጠ። እሷ ባልዲውን አቀፈች። በዚያን ጊዜ እናት ከማድ ቤት የክብሪት ቀፎ ይዘው መጡ፤ አንዲት እንጨት መረጡ፤ የዳኛው ሚስት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በረጠበው ጣውላ ላይ፣ ከአናጺው ጎን ተንበረከኩ። ቀዳዳዋን ጎረጎሯት። ውኃው ወጣ።

"እትዬ፣ ወለሉ..."

"ይፍሰስ" አሉ። "ወለል ይጠረጋል።"

እጀታው እየከበደ ሄደ። አናጺው በሁለት እጁ ያዘው፤ የክንዱ ሥር ተገተረ፤ ባልዲው እቅፏ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻም አልዞር አለ። እናት ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ዙሪያውን ጠርገው ከፈቱ፤ መምቻውን እየወዘወዙ ከጣሳው መዘዙት። ነጩ አይስክሬም በእንጨቱ ላይ ወፍሮ ተንጠልጥሏል። ሳይናገሩ በአናጺው እጅ አኖሩት።

አልላሰውም። ወደ እሷ ዘረጋው።

"ቅመሺ።"

"ኧረ ላዞረው ነው ልማዱ..." አሉ አጎት።

"እስከ ዛሬ የቀመስኩት በሷ ነው ጋሼ። አንድ ጊዜ ደግሞ ልመናት።" ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። "እንዴት ነው?"

ቀመሰች። መጀመሪያ ቅዝቃዜው፣ ከዚያ ወተቱ፣ ከዚያ ቫኒላው መጣ። ከሁሉም በኋላ፣ ከምላሷ ሥር፣ ቀዳዳዋ ተደፍና በቆየችባቸው ደቂቃዎች የገባ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ተሰማት። እናቷ አፍ አፏን ያያሉ። አጎቷ፣ ሠላሳ ዓመት ሻንጣ የፈተሹት ሰው፣ ጣራ ጣራውን ያያሉ። "ጥሩ ነው" የሚለው ቃል በከንፈሯ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያንን ብትል ሁሉም ነገር በአንድ ቃል ያልቃል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይቀመጣል።

"ጨው አለው" አለች። "ትንሽ ነው። ካለፈው ያነሰ ነው። ግን አለው።"

እናት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አናጺው መምቻውን ቀስ ብሎ ወደ አፉ ወሰደው። ቆየ። ከአራት እሑድ ድካም በኋላ የመጀመሪያው ጉርሻ እንዳያመልጠው የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር።

"አለው" አለ።

ደግሞ ላሰ። "አለው!" አለ እንደገና፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ መሐሉ ላይ ተሰበረ፤ ሣቅ ይሁን ሌላ ነገር እሱም አላወቀውም። መምቻውን መልሶ ሰጣት፤ ተቀበለችው፤ ቀዝቃዛው ጣቱ በጣቷ ላይ ቀረ፤ አላነሣውም፤ አላነሣችውም።

ውኃው በቀዳዳዋ እየተንጠባጠበ በአዲሱ ጣውላ ላይ መንገድ አበጅቶ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። ወለሉን ያየ አልነበረም።